የአርባ አንድ ሴቶች ባል

አርብ ገበያ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአዲስዓለም፤

በዚያ በትልቁ ከተማ ብርዱም ሰዉም ሳይጎዳሽ የእመቤታችን ጥላ ይጋርድሽ። እኔ አጎትሽ ቀለመወርቅ ከጉልበቴ በቀር ሌላው አካሌ ደህና ነው። ጉልበቴም ቢሆን አብሮኝ ያረጀ ነውና አልፈርድበትም። የላክሽው መነጽር ደርሶኛል። አንዱ እጀታው መንገድ ላይ ተሰብሮ በክር አስሬዋለሁ፤ ፊደሉ ግን ጎልቶ ይታየኛል። ተባረኪ።

እንግዲህ ያገሩን ወሬ ልንገርሽ። የክረምቱ ዝናብ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቀጥ ብሎ ገብሱ ሳያፈራ ቀረ። የዕርዳታ ስንዴ ይመጣል ተብሎ መዝጋቢ ሲፈለግ፣ ድሮ ለደብሩ መጽሐፍ ስገለብጥ የኖርኩ ቁም ጸሐፊ ነኝና ነገሩ እኔው ላይ ወደቀ። በጣቢያችን ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት በአሥራ ስድስት ቀን መዝግቤ ጨረስኩ። ለአንድ ቤት አንድ ፎርም ነው። በፎርሙ ጀርባ «ተመዝጋቢው በአፉ ያልተናገረው አይጻፍ» የሚል ትእዛዝ ታትሟል፤ ከሥሩም ፈርሜያለሁ። መቼም ታውቂኛለሽ፤ ከፈረምኩ ፈረምኩ ነው።

ያስቸገረኝ ሰባተኛው ጥያቄ ብቻ ነው። «የባል ስም» ይላል። ባልየው ቤት ካለ ራሱ መጥቶ ይናገራል። ባሎቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ሁመራና ወደ መተማ የሄዱባቸው ሴቶች ግን ስሙን ብጠይቃቸው መሬት መሬት ያያሉ። አንዷ «እሱ» ትለኛለች፤ አንዷ «የልጆቹ አባት» ትለኛለች። የእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም እንደማትጠራ አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔም ሴት ልጅን አደባባይ አቁሜ አላስጨንቅም፣ ያልሰማሁትንም አልጽፍም ብዬ ሰባተኛውን ሣጥን ባዶውን ተውኩት። የማን ሚስት እንደሆነች እንደሆነ አገር ያውቀዋል።

እህትሽ ሐረገ ወይን ደህና ናት። ልጆቹም ደህና ናቸው። ጥቁር ስክሪብቶና ካርቦን ወረቀት ብታገኚ ላኪልኝ።

አጎትሽ ቀለመወርቅ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለቀለመወርቅ፤

ጉልበትዎን እንደ ድሮው ዳገት የሚያስወጣ አድርጎ አምላክ ይመልስልዎ። እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ምንም አልሆንኩም። ስክሪብቶውንና ካርቦኑን ወደ ደብረ ታቦር ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንደሚያስደርስልኝ ምሎልኛል።

ሥራሽ ምንድን ነው ብለው ጠይቀውኝ በወጉ አላስረዳሁዎትም ነበር። የምሠራው ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኑ ያንን የእርስዎን ቤት ከነጓዳው ያህላል። ከየአገሩ የመጣውን ፎርም ሴቶች በካርድ ላይ ይበሱታል፤ ማሽኑ ፊደሉንም ቁጥሩንም በቀዳዳው ያነባል። እያነበበም ስህተት ያለበትን ይጥላል። ስህተት ምን እንደሆነ ግን በራሱ አያውቅም፤ ሰው ሕግ ይጽፍለታል። ለምሳሌ ዕድሜዋ ስምንት፣ የወለደቻቸው አምስት የሚል ካርድ ሲመጣ ይውደቅ ይባላል። አንድ ባል በሁለት ካርድ ላይ ከታየም የመጀመሪያው ይለፍ፣ የኋለኛው ይውደቅ ይባላል። ሚስቱንም ውሽማውንም በየፊናቸው አስመዝግቦ ሁለት ጊዜ ስንዴ የሚወስድ ሰው ሞልቷላ። ይህ ሕግ ብቻውን ከሺህ በላይ ካርድ ስለጣለ አለቃችን ጓድ አድማሱ በስብሰባ ላይ አመስግነውታል።

የታች ጋይንት ፎርምም ገብቷል። የእርስዎን እጅ ገና ከሩቅ ስለየው ደስ ብሎኝ ለሥራ ጓደኞቼ አሳየኋቸው። «ይኼ ሰው በማተሚያ ነው እንዴ የሚጽፈው» አሉ።

ሐረገ ወይን ለሦስት ደብዳቤ መልስ አልሰጠችኝም። ተቀይማኝ ይሆን? ባሏ አንዳርጌስ እንዴት ነው?

ልጅዎ አዲስዓለም


አርብ ገበያ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለአዲስዓለም፤

ጤናሽ እንዲበዛ እየለመንኩ ሰላምታዬን አሳጥራለሁ።

ስንዴው መጣ፤ ከናንተ ዘንድ የወጣው ዝርዝርም አብሮ መጣ። ሰው ከንጋት ጀምሮ ተኮልኩሎ እኔ ስም እጠራለሁ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት መዝግቤ አምስት መቶ ሰባ ሁለት ላይ አለቀብኝ። ገልብጬ ባየው ከሥሩ «ድግግሞሽ፣ አርባ» ይላል። ያልተጠሩት አርባዎቹ ሁሉ ሴቶች ናቸው፤ ሁሉም ባላቸው በአገር የለም። ከነሱ ቢጤዎች ያለፈችው አንዲት ሀቢባ ብቻ ናት፤ የጨው ነጋዴው የጁሃር ሚስት።

ከአውራጃ ለቁጥጥር የመጣ ኃይለ ሚካኤል የሚባል ሰው አለ። እሱ ዝርዝሩን አይቶ ምን አለኝ መሰለሽ? «አንድን ባል ለአርባ አንድ ሴት ሰጥተሃል፤ ይኼን ጎበዝ አምጣና አሳየኝ» አለኝ። የሌለ ሰው መዝግቤ ስንዴ ልሸጥ እንዳሰብኩ ቆጠረው። ሴቶቹ ፊቱ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ እሱ የሌሉ ናቸው ይላል። ነገሩን አጣራለሁ ብሎ መዝገቤን ወስዶታል።

ሀቢባ ይህን ስትሰማ «ጣውንቶቼ፣ ኑ እንጂ» ብላ ሁሉንም ጠራቻቸው። ከድርሻዋ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጣሳ ሰፍራ ግማሹ አለቀባት። «ክርስቲያንም እስላምም አግብቶ የሚያኖር ባል አግኝተን እንዴት እንጣላለን» እያለች አሳቀቻቸው። እኔ አልሳቅኩም።

ከአርባዎቹ አንዷ እህትሽ ናት። ደህና ናት ብዬ የጻፍኩልሽ ዋሽቼ ነው፤ በሰው አገር አትጨነቂ ብዬ። አንዳርጌ በሐምሌ ሁመራ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው የለም። በሬዎቹ ተሸጠው ተበልተዋል። የትንሹ ልጅ እግር ማበጥ ጀምሯል።

ስክሪብቶ አልፈልግም። ያን ሕግ የጻፈው ሰው እዚያ ካለ ፈልጊልኝና «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ብሎሃል በይልኝ።

ቀለመወርቅ


አዲስ አበባ፣ ጥር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ልጁን ይማርልን።

ካርዶቹን አስወጥቼ አየኋቸው። ችግሩ ከሰባተኛው ሣጥን ነው። ማሽኑ ሁለት ካርድ ሲያመሳክር በአንደኛው የባል ስም ቦታ ላይ ያለውን ከሌላው ጋር ያስተያያል። የሀቢባ ባዶ ነው፤ የሐረገ ወይንም ባዶ ነው። ባዶና ባዶ ሲያስተያይ አንድ ዓይነት ሆኑለት። አንድ ዓይነት ከሆኑ ባላቸው አንድ ነው ብሎ ፈረደ። ሀቢባ ቀድማ ስለተነበበች አለፈች፤ ከኋላ የመጡት አርባው ወደቁ። ሕጉ ያልተጻፈ ስም ይመጣል ብሎ አላሰበም። በሌሎቹ ጣቢያዎች መዝጋቢዎቹ ከጎረቤት እየጠየቁ ስለሞሉት ይህ አልገጠመንም።

ሕጉን ማስለወጥ ብዙ ፊርማና ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ፈጣኑ መንገድ እርስዎ ሣጥኑን መሙላት ነው። ስሙን መጻፍ ካልፈለጉ «አልታወቀም» ብለው ይጻፉና በሚመጣው መኪና ይላኩልኝ። ባዶ ካልሆነ ማሽኑ አይጥለውም። ለሐረገ ወይን ብስኩትና የዱቄት ወተት ልኬላታለሁ፤ ከደረሰ ይንገሩኝ።

ልጅዎ አዲስዓለም


አርብ ገበያ፣ ጥር 27 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዲስዓለም፤

የላክሽው ወተት ደርሶ ልጁ ጠጥቷል። ያደለ እጅሽ አይጠር። ስጦታሽን ካመሰገንኩ በኋላ ግን ምክርሽን ልውቀስ።

እኔ የናንተን ማሽን ባላውቅም ቅኔ ቤት አምስት ዓመት ቆይቻለሁ። አርባ ሴቶች ባላቸው «አልታወቀም» ቢባል፣ ያ ማሽን አንደኛዋን «አልታወቀም» ከሁለተኛዋ «አልታወቀም» ጋር ሲያስተያይ አንድ ዓይነት አይሆንበትም? ያኔም ባላቸው አቶ አልታወቀም ነው ማለት ነው። ስም የለሹን ባል ስም አወጣሽለት እንጂ አርባውን ሚስት አላስፈታሽውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ፤ እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢው።

ሌላም አለ። በሕግ በቁርባን ያገባች ሴት ባሏ አይታወቅም ተብሎ በመንግሥት ወረቀት ሲጻፍባት ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ሴት ሆነሽ እንዴት ጠፋሽ? ይህን በእጄ አልጽፈውም።

ስሙን ጻፍ ትይኝ ይሆናል። ድሮ ቢሆን ጎረቤት ጠይቄ ልጽፈው እችል ነበር፤ አሁን መዝገቡ ከእጄ ወጥቷል። ኃይለ ሚካኤል እያንዳንዷ ሴት ፊቱ ቆማ ስሙን በአፏ ተናግራ አሻራዋን ካላሳረፈች አልቀበልም ብሏል። ስለዚህ ነገሩ ወደ እህትሽ አፍ መጣ። ባለፈው ሳምንት ከፊቱ አቆማት። ሦስት ጊዜ ጠየቃት፤ ሦስቴም ዝም አለች። እኔ ውጭ ወስጄ ብለምናት «አጎቴ፣ ሚስት ያን ስም የምታወጣው ለልቅሶ ነው። ሬሳውን ሳላይ ልቅበረው?» አለችኝ። የደብሩ አሮጊቶችም የሚሉት ይህንኑ ነው።

አሁን ቁርጡን ንገሪኝ። በደብዳቤሽ ሁሉ «ሕጉ» «ሕጉ» ትያለሽ፤ ማን እንዳወጣው ግን አንድ ቀን አልነገርሽኝም። የማን ነው?

ቀለመወርቅ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጾሙን አምላክ እንዳስጀመረዎ ያስፈጽምዎ።

የእኔ ነው። ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጓድ አድማሱ በስብሰባ ያመሰገኑትም እኔን ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። በመጀመሪያው ደብዳቤ ያልነገርኩዎት ጉራ እንዳይመስል ነው፤ በሁለተኛው ያልነገርኩዎት ግን አፍሬ ነው። የእህቴን ልጆች ያስራብኩ እኔ ነኝ ብዬ እንዴት ልጻፍ? «አልታወቀም» ያልኩትም ስህተቴ ሳይታወቅብኝ ነገሩ እንዲያልፍ ብዬ ነው። እርስዎ በመነጽርዎ ያዩትን እኔ በዚያ ሁሉ ትምህርት አላየሁትም።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት አርባ አንዱን ካርዶች ይዤ ጓድ አድማሱ ዘንድ ገባሁ። መጀመሪያ አልሰሙኝም። ሕጉ የተመሰገነ መሆኑን፣ ወደ በላይም ሪፖርት የተደረገበት መሆኑን ነገሩኝ። አሁን ተሳስተናል ብንል አሻጥር ነው ሊባል ይችላል አሉ። «ማን ይጠየቅበታል?» አሉኝ።

«እኔ» አልኳቸው። «የጻፍኩትም የምጠየቅበትም እኔ።»

ከዚያ ካርዶቹን ጠረጴዛቸው ላይ ደርድሬ የባል ስም የሚበሳበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው። በአንዱም ላይ ቀዳዳ የለም። «ጓድ፣ ይህ ሰው ማን ይባላል?» አልኳቸው። ካርዶቹን አንድ በአንድ አነሷቸው። በመጨረሻ ማሻሻያውን ጽፈሽ አምጪ አሉኝና ፈረሙበት።

አሁን ሕጉ እንዲህ ነው። ማሽኑ ሁለቱ ስሞች አንድ ናቸው ወይ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሁለቱም ተጽፈዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንዱ እንኳ ካልተጻፈ አንድ ናቸውም አይልም፣ ይለያያሉም አይልም፤ አላውቅም ብሎ ካርዱን ያሳልፈውና ለብቻው በሌላ ዝርዝር ያወጣዋል፤ ያን ዝርዝር ሰው ያየዋል። አላውቅም ማለትን ማስተማር ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከትናንት በስቲያ ሞከርነው፤ አርባው አለፉ። የመጋቢት ዝርዝር ላይ ሁሉም አሉ። በክፍላችን የነበረኝ ኃላፊነት ተነስቶ ወደ ካርድ በሺዎቹ ወርጃለሁ፤ እሱን አያስቡት።

እባክዎ አጎቴ፣ ማንም ሴት ያን ስም እንድትናገር አይደረግ። ለኃይለ ሚካኤል የሚሰጥ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ። ለሐረገ ወይን ይንገሯት፤ ዝም ትበል።

ልጅዎ አዲስዓለም


አርብ ገበያ፣ መጋቢት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዲስዓለም፤

እውነቱን ስለነገርሽኝ እግዚአብሔር ከፍ ያለ ወንበር ይስጥሽ። በአንቺ መቀየሜን ትቻለሁ። እኔም ብሆን ፊርማዬን ከሰው ሆድ አስበልጬ ኖሬያለሁና በአንቺ የምፈርድበት አፍ የለኝም። በመጀመሪያው ቀን ከጎረቤት ጠይቄ ብጽፈው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ደብዳቤሽ የካቲት 27 ቀን ደረሰኝ። አምስት ቀን ዘገየ።

የካቲት 22 ዓርብ ነበር፤ ገበያው ቆሟል፤ ሰዉ ሁሉ አለ። ኃይለ ሚካኤል ከእህል ማደያው ደጅ ጠረጴዛ አውጥቶ፣ ዛሬ ያልተናገረች ከመዝገብ ትሰረዛለች አለ። ሴቶቹ ተያዩ። እህትሽ ትንሹን ልጅ አዝላ ከኋላ ነበረች። ልጁ ካለቀሰ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ የማልቀስ አቅም አጥቶ ነው። ሰው እየገፋች ወደ ፊት መጣች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችና፣

«አንዳርጌ» አለች።

ከኋላዋ ያሉት ሴቶች በአንድ ጊዜ ኡኡ አሉ። መርዶ የተነገረ መስሏቸው ከገበያው የሮጡ ሰዎች አሉ። ሀቢባ ደርሳ ከወገቧ ያዘቻት። ኃይለ ሚካኤል አገሬው ስላልሆነ ምን እንዳደረገ ያወቀው ያኔ ይመስለኛል፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፎርሙ ግን የአባቱንም ስም ይጠይቃልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። የአማቷንም ስም ተናገረች። አሻራዋን አሳረፈች። ለአራት ሰው ስድሳ ኪሎ ሰፈሩላት። ከእሷ በኋላ ሠላሳ አምስት ሴቶች እያለቀሱ ተናገሩ። አራቱ አሻፈረን ብለው ባዶ ከረጢታቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። ያንቺ አዲስ ሕግ የደረሰው ለነዚያ ለአራቱ ነው፤ በዚህ ወር ከነሙሉ ድርሻቸው ወስደዋል።

ልጁ በልቶ ማልቀስ ጀምሯል። ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚያለቅሰው፤ ጎረቤቱ ሁሉ እሰይ ይላል።

እህትሽ ግን ደህና አይደለችም። አማቷ፣ የአንዳርጌ እናት፣ በሰማች ዕለት ራሷን ተላጭታ መሬት ተቀመጠች። «ልጄን በስንዴ ቀበርሽው» አለቻት። ሐረገ ወይን «ልጆቹን ላቆይለት ብዬ ነው» ብላ መለሰችላት፤ ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም፤ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው።

ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ባዶ ሣጥን ያልፋል የሚለው ላይ ስደርስ ይድገሙት አለችኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ እንዲህ ብለው ይጻፉላት አለችኝ፤ ቃሏን ሳልቀንስ ሳልጨምር እጽፈዋለሁ፦ «ማሽኑ ካልፈለገው ስሙን አውጪልኝ። ባዶውን መልሺልኝ። ሲመጣ ራሱ ይናገራል።»

ይቻል እንደሆነ አላውቅም። አንዴ የተጻፈን ነገር መፋቅ በእኛም ሙያ ነውር ነው። ቢሆንም ልኬዋለሁ።

አጎትሽ ቀለመወርቅ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 28 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ለትንሣኤው በሰላም ያድርስዎ፤ ከነጉልበትዎ።

ጓድ አድማሱን ጠየቅኋቸው። ትክክለኛ ሆኖ የተሞላን መረጃ አጥፍቶ ባዶ ማድረግ ምን የሚሉት ሥራ ነው ብለው ከለከሉኝ። እንደ ሥራ ከሆነ ልክ ናቸው።

እኔ ግን አሁን ካርድ በሺ ነኝ። ካርዷን ከሣጥኑ አወጣሁት፤ በእሱ ፈንታ ሌላ አዲስ ካርድ ወስጄ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የልጆቿን ቁጥር በሳሁ። የባል ስም ዘንድ ስደርስ እጄን አነሳሁ። ስሙ ያለበትን አሮጌውን ካርድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬዋለሁ፤ ለእሷ ይስጧት፤ እንደፈለገች ታድርገው። ሌሎቹም ሠላሳ አምስቱ ከፈለጉ ስማቸውን ይላኩልኝ።

የሚያዝያ ዝርዝር ዛሬ ጠዋት ወጣ። ቆሜ አነበብኩት። ሐረገ ወይን፣ ቤተሰብ አራት፣ ስንዴ ስድሳ ኪሎ። የባል ስም የሚለው ቦታ ክፍት ነው።

ልጅዎ አዲስዓለም